ኦርኪዱ ውሃ ውስጥ ከሆነ ማዳበሪያው ይቅጠን

ጥያቄ፦ በስጦታ ያገኘሁትን ኦርኪድ የተተከለበትን የዛፍ ቅርፊት አራግፌ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሦስት ወር ደህና ነበር። ወንድሜ ከገጠር ካመጣው ዩሪያ ቆንጠር አድርጌ ስጨምርለት ግን የሥሩ ጫፍ ጠቆረ፤ ውሃውም አረንጓዴ ሆነ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ያንን ውሃ ዛሬውኑ ይድፉት። ሥሩን ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁ። ከዚያ በጣትዎ ጫን ጫን እያደረጉ ይፈትሹ። የላሸቀውን በአልኮል በተጠረገ መቀስ ይቁረጡት። ጠንከር ያለውን፣ ጫፉ ቢጠቁርም፣ አይንኩት። አንድ ቀን ያለ ውሃ አየር ላይ ይቆይ።

ዩሪያ የማሳ ማዳበሪያ ነው። አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ሥር ወደሚወስዳቸው የናይትሮጅን ዓይነቶች፣ መጀመሪያ ወደ አሞኒየም፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ብርጭቆ ውስጥ ይህን የሚሠሩት በጣም ጥቂት ናቸው። አፈር የተረፈውን ይዞ ያቆያል፤ ውሃ ግን ያለውን ሁሉ በቀጥታ ሥሩ ላይ ነው የሚያወርደው። እርስዎ ቆንጠር ያደረጉት ለማሳ ምንም አይደለም፤ ለአንድ ብርጭቆ ግን ከልክ በላይ ነው።

ደግሞም ኦርኪድ በተፈጥሮው ትንሽ በላተኛ ነው። በከፋ ደን የቡና ጥላ ዛፎች ላይ ተጣብቀው የሚያድጉትን የዱር ኦርኪዶች ያስቧቸው። የሚያገኙት ዝናብ ከቅርፊቱ እያጠበ የሚያወርደውን ቀጭን ምግብ ብቻ ነው። የእርስዎም ያንኑ ነው የሚፈልገው።

ስለዚህ አሁን ንጹሕ ውሃ ብቻ ይስጡት። ጫፉ አረንጓዴ የሆነ አዲስ ሥር ብቅ ሲል ማዳበሪያ ይጀምሩ። ሲገዙ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ናይትሮጅኑ በአብዛኛው በናይትሬት መልክ ያለ፣ ካልሲየምም ያለበት ይሁን። ናይትሮጅኑ 20 በመቶ ከሆነ ሩብ የሻይ ማንኪያ ለ5 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። ይህ በሊትር ወደ 50 ሚሊግራም ናይትሮጅን ይሰጣል። ውሃውን በየሳምንቱ ይቀይሩ፤ አንዱን ሳምንት በማዳበሪያ፣ ቀጣዩን በንጹሕ ውሃ። ይህን ንጹሕ ሳምንት በፍጹም አይዝለሉት፤ የተጠራቀመውን ጨው የሚያጥበው እሱ ነው። በብርጭቆው አፍ ዙሪያ ነጭ ቅርፊት ካዩ ጨው በዝቷል ማለት ነው። የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ይታያል፤ የዝናብ ውሃ ቢያጠራቅሙ ይሻላል።

ውሃው የሥሩን ጫፍ ብቻ ይንካ፤ ግንዱ ከረጠበ ይበሰብሳል። ውሃውን አረንጓዴ ያደረገው አልጌ የሚባል በውሃ ውስጥ የሚያድግ ደቃቅ ነገር ነው፤ ብርሃንና ማዳበሪያ ሲገናኙ ይራባል። ብርጭቆውን በወፍራም ወረቀት ይጠቅልሉት።

ክረምት ላይ ፀሐይ ሲጠፋና ቤቱ ሲቀዘቅዝ ማዳበሪያውን በግማሽ ይቀንሱ። ቅጠሉ በጣም ጠቆር ያለ አረንጓዴ ከሆነ የጎደለው ብርሃን ነው፤ ወደ መስኮቱ ጠጋ ያድርጉት እንጂ ማዳበሪያ አይጨምሩበት።