አራት ማዳበሪያ ልብስ ለቱርክ

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ቱርክንና ሶርያን የመታውን የመሬት መንቀጥቀጥ በቲቪ አይተን፣ የሴቶች እድራችን አራት ማዳበሪያ ሙሉ ልብስ ሰበሰበ። ጋቢ ሁሉ አለበት። ሳሎኔ ውስጥ ተከምሯል፤ ባለቤቴም ማጉረምረም ጀምሯል። በምን እንላከው?

መልስ፦ እህቴ፣ አትላኩት። መልሴ ደስ እንደማይል አውቃለሁ። ግን የአውሮፕላን ጭነት በኪሎ ነው የሚከፈለው። ለማጓጓዣ የምታወጡት ብር እዚያው አዲስ ብርድ ልብስ ይገዛል። ቱርክ ደግሞ የጨርቃ ጨርቅ አገር ናት፤ መርካቶ ያለውን የቱርክ መጋረጃ ታውቂው የለ? ልብሱ ቢደርስም የሚለየው፣ የሚያጥፈው፣ የሚያከፋፍለው ሰው ያስፈልጋል። መጠኑ 7.8 በተለካ መንቀጥቀጥ ከተማ ሲፈርስ፣ በዚያ ላይ ክረምታቸው በረዶ ሆኖ፣ ማን ጊዜ አለው? (እኔም አንዴ ለእርዳታ ብዬ አንድ እግር ጫማ የከተትኩ ሰው ነኝ። ሌላው አልጋ ስር ተገኘ።)

ገንዘብ ይሻላል። እሁድ ግቢያችሁ ውስጥ ሸራ አንጥፉና ልብሱን በርካሽ ሽጡት። ከዚያ ቀይ መስቀል ወይም አዲስ አበባ ያለው የቱርክ ኤምባሲ ደውላችሁ፣ ገንዘብ ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቁ። ደረሰኝ ሳትይዙ አትመለሱ። ፌስቡክ ላይ በግለሰብ ስም የተለጠፈ የባንክ ቁጥር ካያችሁ እለፉት።

ጋቢውን ግን አትሽጡት። የማን እንደሆነ አጣሪና መልሺላት። የቱሉ ዲምቱን የማታ ንፋስ አውቀዋለሁ።