«ሁለት ይቅረብ፣ ሦስት ይስፋ»፦ የቀጥታ ስፖርት ሥርጭት በአማርኛ

ጥያቄ፦ ውድ መምህር፣ በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የስፖርት ክፍል ውስጥ የካሜራ ባለሙያ ነኝ። እግር ኳስ በቀጥታ ስናስተላልፍ በጆሮ ማዳመጫችን የምንሰማው ትእዛዝ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ አማርኛ ነው። በቅርቡ ሁሉንም ወደ አማርኛ እንድንመልስ የቃላት ዝርዝር ተሰጠን። ዝርዝሩ ውስጥ «ዳግም ዕይታ»፣ «የውጭ ሥርጭት መኪና»፣ «ቆሻሻ ምስል» የሚሉ አሉበት። ደግሞ ዳይሬክተራችን በአማርኛ ሲያዝዝ ሁላችንንም «ያዝ»፣ «ቅረብ» ይለናል፤ ከባለሙያዎቹ መካከል ሁለታችን ሴቶች ነን። እንግሊዝኛው ይህ ችግር የለበትም። ታዲያ አማርኛ ለዚህ ሥራ አይበቃም ማለት ነው? ከዝርዝሩስ የትኛውን እንያዝ?

መልስ፦ በሚገባ ይበቃል። መጨረሻ ላይ ያነሡት ነጥብ ከቃላት ዝርዝሩ ይልቅ የሚከብድ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር።

የአማርኛ ትእዛዝ የሚታዘዘው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ አይነገርም። ለወንድ «ቅረብ»፣ ለሴት «ቅረቢ»፣ ለብዙ ሰው «ቅረቡ»፣ ለሚከበር ሰው «ይቅረቡ» ነው። ዳይሬክተሩ በርካታ ስክሪኖች ፊት ተቀምጦ በሰከንድ ክፍልፋይ ሲወስን፣ ዛሬ አራተኛውን ካሜራ የያዘው ማን እንደሆነ እያስታወሰ ግስ ሊያረባ አይችልም። ስለዚህ ሁሉንም በወንድ አንቀጽ ይጠራል። ክፋት ላይኖርበት ይችላል፤ ቅር መሰኘትዎ ግን ተገቢ ነው። በዕድሜ የምትበልጠው ባለሙያ «ቅረብ» ስትባል በጾታም በአክብሮትም ቦታዋን ታጣለች፤ የአማርኛ ጆሮ ያለው ሰው ይህን ሳይሰማ አያልፍም።

ደግነቱ ቋንቋው ሰውየውን ትቶ ሥራውን የሚያዝዝበት መንገድ ከጥንት ጀምሮ አለው። ችሎት ፊት የቆመ ጠበቃ «ይመዝገብልኝ» ይላል እንጂ ጸሐፊዋን «መዝግቢ» አይላትም። በስብሰባ «ይቀጥል»፣ «ይታለፍ»፣ «ይብቃ» ይባላል። እነዚህን የሚሰማ ሰው የተናቀ አይመስለውም፤ ማን ምን ማድረግ እንዳለበትም አይጠፋውም። የስፖርት ዳይሬክተርም እንዲሁ ትእዛዙን ለካሜራው ይስጥ፦ «ሁለት ይቅረብ። ሦስት ይስፋ። አራት ኳሱን ይከተል። አንድ ባለበት ይቆይ።» ከካሜራው ጀርባ ያለው ሰው ወንድም ይሁን ሴት፣ ወጣትም ይሁን አንጋፋ፣ አነጋገሩ አይለወጥም። ከ«ቅረብ» የሚረዝመውም በአንድ ቀለም ብቻ ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። በአማርኛ ግስ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ «ሁለት ይቅረብ» ሲባል የተጠራው ካሜራ ቁጥሩን ሰምቶ ከነቃ በኋላ ትእዛዙ ይደርሰዋል። ምስሉ አየር ላይ የሚወጣበትን ቅጽበት ደግሞ በቁጥሩ ብቻ ማሳወቅ ይቻላል፦ «ሁለት ይዘጋጅ… ሁለት!» የመጀመሪያው ለካሜራ ባለሙያው ማንቂያ ነው፤ ሁለተኛው የካሜራዎቹን ምስል እየመረጠ አየር ላይ በሚያወጣው መሣሪያ፣ በማቀያየሪያው ላይ የተቀመጠው ባለሙያ ቁልፉን የሚጫንበት ነው። በመካከል ሌላ ቃል መጨመር አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ግን አማርኛ እውነተኛ ችግር አለበት፤ እርሱም ቁጥሮቹ ናቸው። ሦስት፣ አምስት፣ ስድስት ሦስቱም በ«ስት» ያልቃሉ። ተመልካች በሚጮኽበት ስታዲየም፣ በጆሮ ማዳመጫ ውስጥ፣ መጀመሪያቸው ከተዋጠ አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ባለሙያዎች ቁጥሩን በእንግሊዝኛ ቢጠሩ አልፈርድባቸውም። የተሻለ የሚመስለኝ ግን ካሜራዎቹን በቆሙበት ቦታ መጥራት ነው፦ «ዋናው»፣ «ግራ ግብ»፣ «ቀኝ ግብ»፣ «ጣሪያ»፣ «አሠልጣኝ»። «ግራ ግብ ይቅረብ» የሚለውን ከ«ጣሪያ ይስፋ» ጋር የሚያምታታ የለም። ቁጥሩ በወረቀቱና በመሣሪያው ላይ ይቆይ፤ ለአፍና ለጆሮ የቦታው ስም ይሻላል።

ወደ ዝርዝሩ ልለፍ። «ዳግም ዕይታ» የተባለው፣ አንድ ክስተት ወዲያው ተመልሶ ሲታይ ነው። ይህ ነገር ስም የሚያሻው መሆኑ የታወቀው ገና በተወለደበት ቀን ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 1963 በፊላዴልፊያ የአሜሪካ ምድር ጦር እና ባሕር ኃይል አካዳሚዎች በአሜሪካ እግር ኳስ ሲጋጠሙ፣ የአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ የሲቢኤስ ዳይሬክተር ቶኒ ቨርና አንድ ግዙፍ የቴፕ መቅጃ አስመጥቶ ነበር። የሚፈልገውን ቦታ ለማግኘት በቴፑ የድምፅ መስመር ላይ የጩኸት ምልክት እያስቀረጸ፣ ምድር ጦር ያስቆጠረውን ነጥብ መልሶ አየር ላይ አወጣው። አስተላላፊው ሊንድሴይ ኔልሰን፣ ይህ አሁን የሚሆን አይደለም፣ ምድር ጦር ዳግመኛ አላስቆጠረም ብሎ ለተመልካቹ ማስረዳት ነበረበት፤ ተመልካቹ እንዲህ ያለ ነገር አልለመደም ነበርና።

የዛሬ ተመልካች እንዲህ አይደናገርም። በአማርኛ ግን ድንግርግሩ በሌላ በኩል ይመጣል። «ድጋሚ» ስንል ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ጨዋታው እንደ አዲስ ሊካሄድ ነው፣ ወይም ትናንት የተላለፈው ዛሬ ሊታይ ነው፣ ወይም አሁን የገባችው ግብ ተመልሳ ልትታይ ነው። «ዳግም ዕይታ» ይህን አይፈታውም፤ ጭራሽ የዳኝነት ውሳኔ እንደ ገና መመርመር ይመስላል። እኔ «ድጋሚ»ን ይዤ፣ የመለየቱን ሥራ ለሚከተለው ስም እተዋለሁ፦ ድጋሚ ጨዋታ፣ ድጋሚ ሥርጭት፣ ድጋሚ ምስል። አንዳንዶች «ምልሰት» ይላሉ፤ ያ ቃል ግን በልብ ወለድና በፊልም ታሪኩ ወደ ኋላ ሲመለስ የሚባልበት ስለሆነ ባለቤት አለው። ምስሉ ፍጥነቱ ተቀንሶ ሲታይ «የዝግታ ምስል» ይሁን። «ቀስታ» ድምፅን ዝቅ ማድረግንና ጥንቃቄንም ስለሚጨምር አይመጥንም፤ «ዝግታ» ግን ስለ ፍጥነት ብቻ ይናገራል። የድጋሚ ምስል መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው በብዙ አገር የሚጠራው ኢቪኤስ በተባለው የቤልጂየም ኩባንያ ስም ነው። የኩባንያ ስም የሙያ ስም መሆን የለበትም፤ «የድጋሚ ምስል ባለሙያ» ይበሉ።

ለጨዋታ አስተላላፊዎቻችሁ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። የአማርኛ አስተላላፊ ቀጥታውን ጨዋታ የሚነግረን በኃላፊ ጊዜ ጭምር ነው፦ «ያሻግራል… አሻገረ… በግንባሩ ገጨ… ጎል!» «አሻገረ» ኳሷ ከእግሩ በተለየችበት ቅጽበት ይወጣል፤ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። ያው ሰው ድጋሚ ምስሉን እያየ «አሻገረ፣ ገጨ» ካለ ግን ፊቱን ወደ ስክሪኑ ያላዞረ ተመልካች ሁለተኛ ግብ የገባ ይመስለዋል። በድጋሚ ምስል ላይ «ነበር» ያስፈልጋል፦ «ሲያሻግር ተከላካዩ አጠገቡ አልነበረም»፣ «እዚህ ላይ ከጨዋታ ውጪ ነበር»። «ነበር» የገባበት ዐረፍተ ነገር የቀጥታውን ከድጋሚው ይለያል፤ የተሻለ መለያ አላውቅም።

የጨዋታው ቃላት ይህን ያህል ሲያምሩ የካሜራው ቃላት ለምን ጎደሉ ብለው ሳይገረሙ አይቀሩም። ማዕዘን ምት፣ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ግብ ጠባቂ፣ የባከነ ሰዓት፣ ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው፣ አፍ የማይይዙ ቃላት ናቸው። እኔ እንደማምነው ይህ የሬዲዮ ውለታ ነው። ኢትዮጵያ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሣ አገሪቱ ቴሌቪዥን አልነበራትም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተከፈተው በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው፤ አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ማራቶን ሁለተኛውን ወርቅ ያጠለቀበትም ወር ያው ነው። ስታዲየም ያልገባ ሰው ጨዋታውን የሚያየው በአስተላላፊው አፍ ስለነበር፣ ለእያንዳንዱ ምት ስም ማግኘት ግድ ነበር። ቴሌቪዥኑ ሲመጣ ካሜራውም፣ ማቀያየሪያውም፣ መመሪያ መጽሐፉም አንድ ላይ ከውጭ ገባ፤ ባለሙያዎቹም እርስ በርሳቸው ብቻ ስለሚነጋገሩ፣ አድማጭ ያላስገደደውን ማንም አልተረጐመውም። ፕሪሚየር ሊጋችን ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ በሱፐር ስፖርት በቀጥታ መታየት ሲጀምር የዚህ ሥራ ወሬ ከሥርጭት መኪናው ወጥቶ ወደ ሕዝብ ደረሰ። ጥያቄዎ በጊዜው ነው የምለውም ለዚህ ነው።

የቀሩትን በአጭሩ። ከስቱዲዮ ርቆ ሥርጭቱ የሚመራበት መኪና ስሙ «የውጭ ሥርጭት መኪና» አይሁን። «የውጭ» ሲባል አማርኛ መጀመሪያ የሚያስበው የባዕድ አገርን ነው፤ የውጭ ጉዳይ፣ የውጭ ምንዛሪ እንደሚባለው። «የመስክ ሥርጭት መኪና» ይበሉ፤ የመስክ ሥራ፣ የመስክ ጉብኝት ለጆሮ የለመዱ ስለሆኑ ወዲያው ይገባል። በሥራ ላይ እንደ እንግሊዝኛው «ኦቢ ቫን» ማለቱን የሚከለክል የለም።

«ቆሻሻ ምስል» የሚለውን ግን ዛሬውኑ ይሰርዙት። የተባለው ነገር ውጤት፣ ሰዓት፣ የተጫዋች ስምና የጣቢያ ምልክት የተጫነበት ምስል ነው፤ ጉድፍ የለበትም። እንግሊዝኛው በቆሻሻና በንጹሕ መሰለው፤ እኛ ያንን ምሳሌ የመውረስ ግዴታ የለብንም። «ጽሑፍ የተጫነበት ምስል» እና «ጽሑፍ ያልተጫነበት ምስል» ይበቃል። ሌላ ጣቢያ ሥርጭቱን ተቀብሎ የራሱን የአማርኛ ጽሑፍ ሊያሳርፍ ሲፈልግ የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነው፤ ስሙን ሲሰማ ምን እንደሚደርሰው ያውቃል።

«ዳይሬክተር» እና «አዘጋጅ»ም ሳይለዩ ቀርተዋል። በቴአትር ቤት አዘጋጅ የሚባለው ተዋናዮቹን የሚመራው ነው፤ በጋዜጣ ጽሑፉን የሚያርመው፤ በሬዲዮ ፕሮግራሙን የሚያሰናዳው። በቀጥታ ስፖርት ሥርጭት ሁለት የተለያዩ ሰዎች አሉ፤ አንዱ የትኛው ካሜራ አየር ላይ እንደሚወጣ የሚጠራው፣ ሌላው የጨዋታውን ታሪክ የሚያስበው፣ የትኛው ድጋሚ ምስል እንዲታይ፣ መቼ ወደ ስቱዲዮ እንዲዞር የሚወስነው። የመጀመሪያውን «ዳይሬክተር»፣ ሁለተኛውን «አዘጋጅ» ይበሉ። የትምህርት ቤት ኃላፊም ዳይሬክተር ይባላል የሚል ቢኖር፣ በስታዲየም ውስጥ የሚያምታታ ሁኔታ የለም።

«ቫር»ን አይንኩት። የእግር ኳስ ሕግ አውጪው አካል በ2018 እ.ኤ.አ. ሕግ ካደረገው ወዲህ ሕፃኑም ሽማግሌውም ለምዶታል፤ በስክሪን ጥግ ለመጻፍም አጭር ነው። አስተላላፊው በጨዋታው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሣው «የቪዲዮ ረዳት ዳኛ» ብሎ ይግለጸው፤ ከዚያ በኋላ «ቫር» ይበል።