መልስ፦ ከባድ ብረት ቦክሰኛን ያዘገያል ወይ?

አሰልጣኝህ «ብረት ካነሳህ እጅህ ይከብዳል» ብሎሃል፤ አንተ ደግሞ በ67 ኪሎ ስለምትጋጠም ሚዛኑ አስፈርቶሃል። የሚያዘገየው ግን አነሳሱ እንጂ ብረቱ አይደለም። 12 ጊዜ እየደጋገምክ እስክትዝል ከሠራህ ጡንቻ ይወፍራል፣ በማግስቱም ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) ላይ ትከሻህ አይታዘዝም። ከ3 እስከ 5 ጊዜ፣ በ3 ዙር፣ በየመሃሉ 3 ደቂቃ እያረፍክ ከሠራህ ግን ኪሎ ብዙም ሳትጨምር ጉልበትህ ያድጋል።

ቡጢ ከእጅ አይጀምርም፤ የኋላ እግር መሬት ሲገፋ ይነሳል፣ ዳሌ ያዞረዋል፣ ትከሻ ያደርሰዋል። ስለዚህ ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ማለት)፣ ዴድሊፍት (ብረት ከመሬት ማንሳት) እና ፑል አፕ (ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) ይበቁሃል። ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ብረት ወደ ላይ መግፋት) ላይ መፎካከሩን ለጂም ጎረምሶች ተውላቸው።

በሳምንት 2 ቀን ሥራ፤ ቡጢው ይቅደም፣ ብረቱ ከሰዓታት በኋላ። «ሌላ 2 ማንሳት እችላለሁ» በምትልበት ላይ አቁም። ብረቱ ሲወጣ ከተንቀረፈፈ ወይም ወገብህ ከጎበጠ ክብደቱ በዝቷልና 10 ኪሎ ቀንስ። ዴድሊፍት ስትጨርስ ብረቱን እየጎተትክ በዝግታ አታውርደው፤ በማግስቱ እግር የሚያሳስረው በአብዛኛው እሱ ነው። ከስኳት በኋላ ባለ 3 ኪሎ ሜዲስን ቦል (ከባድ የልምምድ ኳስ) በዳሌ ዞረህ ግድግዳ ላይ 5፣ 5 ጊዜ ወርውር፤ ጉልበቱ ወደ ፍጥነት የሚለወጠው እንዲህ ነው፣ ብዙዎች ግን ይዘሉታል።

ውድድር 10 ቀን ሲቀረው ክብደቱን ሳትነካ ዙሩን በግማሽ ቀንስ፤ የመጨረሻዎቹን 4 ቀናት ብረት አትንካ። ውሃ እየቀነስክ ኪሎ በምታወርድበት ሳምንት ደግሞ ከባድ ስኳት ጭራሽ አይሞከርም።