የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ቦርድ ሥራው ምንድን ነው? ከደሴና ከኮምቦልቻ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ስለ ኮሌጅ ቦርድ ያላችሁን ጠይቁ በተባለው መሠረት ከቦርድ አባላት፣ ከአሰልጣኞች፣ ከሰልጣኞችና ከወላጆች የመጡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። የአባላት ቁጥርና የሥልጣን ዝርዝር ከኮሌጅ ኮሌጅ ስለሚለያይ የራሳችሁን ማቋቋሚያ ደንብ ከጎን ዘርግታችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ባለ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። የኮሌጅ ቦርድ አባል እንድሆን ደብዳቤ ደርሶኛል። እጅ ከማውጣት ያለፈ ምን ይጠበቅብኛል?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለዎት። ቦርዱ የሚወስናቸው ትልልቅ ነገሮች ኮሌጁ በየትኛው ሙያ፣ በየትኛው ደረጃ ስንት ሰው ያሰልጥን የሚለው፣ ዓመታዊ ዕቅድና በጀቱ፣ የውስጥ ገቢው አጠቃቀምና የዲኑ የሥራ አፈጻጸም ናቸው። የክፍል ድልድል፣ የአሰልጣኝ ፈቃድ፣ የስቶር ቁልፍ የዲኑ ጉዳይ ነው። ቦርድ እዚያ ሲገባ ዲኑ ለምንም ነገር ተጠያቂ መሆኑን ያቆማል፤ «ቦርዱ ነው ያዘዘኝ» የሚል ማምለጫ ያገኛል።

እርስዎ የተመረጡት ከፋብሪካ ስለመጡ ነውና ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት ከፋብሪካዎ ሁለት ነገር ይዘው ይምጡ። አንዱ ፋብሪካው በሚቀጥሉት 12 ወራት የሚቀጥርባቸው የሥራ መደቦችና ቁጥራቸው ነው። ሌላው አዲስ ምሩቅ ማሽን ላይ ሲቆም ምን እንደሚያቅተው የሚገልጽ ግማሽ ገጽ ጽሑፍ ነው፤ የጥገና ክፍል ኃላፊውን ይጠይቁ። «ኮንታክተር አሳምሮ ያስራል፣ የኢንቨርተር ፓራሜትር ግን ነክቶ አያውቅም» የምትል አንዲት መስመር ለኤሌክትሪክ ክፍሉ ከአሥር ገጽ ሪፖርት ትበልጣለች። ከኮሌጁ ደግሞ ማቋቋሚያ ደንቡን፣ ያለፉትን አራት ቃለ ጉባኤዎችና የቅርቡን የሩብ ዓመት ሪፖርት ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቦርዳችን 9 አባል አለው፤ ምልአተ ጉባኤ ግን አይሞላም። አባላቱ ኃላፊዎች ስለሆኑ ሁልጊዜ ሌላ ስብሰባ ይደረብባቸዋል።

መልስ፦ ደንቡ «ከግማሽ በላይ» የሚል ከሆነ ከ9 አባላት 5 ያስፈልጋል። ከ8 አባላትም 5 ነው፤ አራት ሰው ይዘው የሚወስኑ ቦርዶች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ውክልናንም እዩት፤ ደንቡ ካልፈቀደ «ኃላፊው ልኮኝ ነው» ያለው ሰው ታዛቢ ነው፣ ድምፁ ተቆጥሮ ያለፈ ውሳኔም ኋላ ይፈርሳል።

ከሁሉ የከፋው ግን ሳይሰበሰቡ ቃለ ጉባኤ በሞተር ሳይክል ቢሮ ለቢሮ እየዞረ የሚፈረምበት ልማድ ነው። ኦዲተር ቀኑን ከአባላቱ የመስክ ፈቃድ ጋር ሲያመሳክር አንድ ፈራሚ በዚያ ቀን ባሕር ዳር እንደነበረ ያገኛል፤ በዚያ ውሳኔ የተከፈለ ክፍያ ሁሉ ጥያቄ ይነሳበታል።

መድኃኒቱ የዓመቱን ቀኖች ሐምሌ ላይ አንዴ መቁረጥ ነው። መስከረም ላይ ቅበላ፣ ታኅሣሥና መጋቢት ላይ የአፈጻጸም ግምገማ፣ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ደግሞ ሰኔ ሳይጋመስ፤ በጀት ሰኔ 30 ይዘጋልና በመጨረሻው ሳምንት የተጠራ ቦርድ ግዥውን አያደርስም። ዓርብን ተዉት፤ ከ5፡30 በኋላ ጁምዓ ነው። ከደሴ የሚወርድ አባል ካለም ክረምት ላይ በመንገዱ የሐረጎ ተራራ ጭጋግ አለና ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይልቅ 3 ሰዓት ይሻላል። በተከታታይ ሦስት ጊዜ የቀረውን አባል ስም ሰብሳቢው ለሾመው አካል በደብዳቤ ያሳውቅ። ይሉኝታ ይዞን ዝም ስንል የሚጎዱት ሰልጣኞች ናቸው።

ጥያቄ፦ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ምን ልጻፍ፣ ምን ልተው?

መልስ፦ እያንዳንዱ ውሳኔ ምን እንደተወሰነ፣ ማን እንደሚፈጽመው፣ እስከ መቼ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ይያዝ። «ትኩረት ይሰጠው»፣ «ተጠናክሮ ይቀጥል» የሚሉትን አትጻፉ፤ ማንም አይፈጽማቸውም። የተለየ ሐሳብ ያለው አባል ሐሳቡ በስሙ ይመዝገብለት። የሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያ አጀንዳም ያለፈው ውሳኔ የት ደረሰ የሚል ይሁን።

ጥያቄ፦ የብየዳ አሰልጣኝ ነኝ፣ ደሴ። ቦርዱ የሥልጠና ቁሳቁስ በጀት በየዓመቱ ይቆርጥብናል። ጥያቄያችን የተጋነነ ይመስላቸዋል። እንዴት ላስረዳቸው?

መልስ፦ በብር አይጠይቁ፣ በሰልጣኝ እጅ ይጠይቁ። «ለኤሌክትሮድ ይህን ያህል ሺህ ብር» የሚል መስመር ያየ አባል መቁረጡ ቀላል ነው፤ ምን እንደቆረጠ አይታየውም።

ሂሳቡን እንዲህ ያቅርቡላቸው። ክፍሉ 25 ሰልጣኝ አለው እንበል። ጀማሪ እጁ እንዲረጋና ርቀቱን መጠበቅ እንዲለምድ በተግባር ቀን 10 ኤሌክትሮድ ቢያቃጥል ብዙ አይደለም። 25 በ10 ሲባዛ 250 ነው። ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ተራ ኤሌክትሮድ አንዱ ወደ 20 ግራም ይመዝናል፤ 5 ኪሎው ፓኬት ወደ 250 ፍሬ ይይዛል ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ የተግባር ቀን አንድ ፓኬት ያልቃል። በሳምንት 4 ቀን፣ ለ12 ሳምንት 48 ፓኬት ወይም 240 ኪሎ ይሆናል።

አሁን ቦርዱ ወደ 60 ኪሎ ቢያወርደው 12 ፓኬት ወይም 3,000 ፍሬ ይቀራል። 25 ሰልጣኝ በ48 ቀን ሲባዛ 1,200 ስለሆነ ለአንድ ሰው በቀን የሚደርሰው ሁለት ተኩል ፍሬ ነው። ሁለት ተኩል ኤሌክትሮድ ተሰጥቶት የቀረውን ሰዓት ሌላው ሲበይድ ቆሞ የሚያይ ልጅ ምዘና ላይ ቢወድቅ ጥፋቱ የማን ነው? ይህን ስሌት በአንድ ገጽ ጽፈው ያስገቡ። ላማ፣ የመፍጫ ዲስክ፣ ጓንትና የመስተዋት መከለያም በዚሁ መንገድ ይሰሉ።

ለአባላቱም አንድ ቃል፦ ስብሰባውን በቢሮ ጀምራችሁ በወርክሾፕ ጨርሱት። ብየዳ ክፍል ገብታችሁ የተጣሉ የኤሌክትሮድ ጫፎችን እዩ። እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያለቁ ከሆነ በአግባቡ ተሠርቶባቸዋል። ግማሽ ድረስ ብቻ ተቃጥለው የተጣሉ ከበዙ ኤሌክትሮዱ እርጥበት ገብቶት ሽፋኑ እየረገፈ ወይም ሰልጣኙ ያለ ክትትል እየሠራ ነው። የደሴ ክረምት ርጥብ ነው፤ ፓኬት ከፍቶ ሲሚንቶ ላይ ማስቀመጥ ገንዘብ መጣል ነው። ከመሬት ከፍ ያለ መደርደሪያና የሚዘጋ ሣጥን በቂ ነው።

ጥያቄ፦ ወላጅ ነኝ። ኮሌጁ «80 በመቶ ብቁ ሆነዋል» ይላል፣ ሰፈሬ ያሉት ልጆች ግን አብዛኞቹ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ወረቀት የላቸውም። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ እናቴ፣ ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። 100 ሰልጣኝ ገብቶ 75 ጨርሶ፣ 50 ለብቃት ምዘና ቀርቦ 40 ቢያልፍ፣ ከ50 ው 40 ሲሰላ 80 በመቶ ነው። ከገቡት 100 ሲሰላ ግን 40 በመቶ ነው። ቦርድ መጠየቅ ያለበት አራቱንም ቁጥር በየሙያው ለይቶ ነው፦ የገባ፣ የጨረሰ፣ የተመዘነ፣ ያለፈ። አምስተኛው ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ ሥራ ላይ ያለው ስንት ነው የሚለው ነው። 25 ቱ ለምን አቋረጡ፣ ሌላው 25 ለምን ሳይመዘን ቀረ? የምዘና ክፍያ አጥቶ የቀረ ልጅ ካለ ቦርዱ ከውስጥ ገቢ ሊያግዝ ይችል እንደሆነ ደንቡን ያይ።

ጥያቄ፦ ለትብብር ሥልጠና ፋብሪካ ተልከን ሁለት ወር ካርቶን ስንሸከም ቆየን። ቦርዱ አያገባውም ወይ?

መልስ፦ በደንብ ያገባዋል። ከሥልጠናው 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ ይሁን ሲባል ተግባሩ የጉልበት ሥራ ይሁን ማለት አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው ከውሉ ነው። ብዙ ቦታ ውሉ ኮሌጁና ፋብሪካው ማኅተም ያሳረፉበት አንድ ገጽ ነው፤ ሰልጣኙ አይፈርምም፣ የሚሠራው ዝርዝርም የለም።

ጥሩ ውል በሦስት ወገን ይፈረማል። ሰልጣኙ በየሳምንቱ የሚለማመደው ተግባር ከሙያ ደረጃው ተወስዶ ይዘረዘርበታል። በፋብሪካው በኩል የሚያሠራው ባለሙያ በስም ይጠቀሳል፤ «የጥገና ክፍል» ብሎ መጻፍ ማንንም ተጠያቂ አያደርግም። የአደጋ መከላከያ ጫማና ጓንት ማን እንደሚያቀርብ፣ ልጁ ቢጎዳ ሕክምናውን ማን እንደሚሸፍን፣ የኮሌጁ አሰልጣኝ በስንት ቀን አንዴ እንደሚጎበኝ ይጻፋል። ከዚያ ሰልጣኙ መዝገብ ይይዝና ባለሙያው በየሳምንቱ ይፈርምበታል። መዝገቡ ላይ ለሁለት ተከታታይ ሳምንት «ጭነት» የሚል ካለ ዲኑ ወዲያው ለፋብሪካው ይጽፋል። ለውጥ ከሌለ ሰልጣኞቹን አውጥቶ ጉዳዩን ለቦርዱ ያቀርባል። ፋብሪካው ቦርድ ውስጥ የተወከለ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ፊት ለፊት ይነሳ።

ጥያቄ፦ አንዱ የቦርድ አባል ብረታ ብረት ነጋዴ ነው። ኮሌጁ ከእሱ ቢገዛ ችግር አለው?

መልስ፦ አጀንዳው ሲከፈት ጥቅም እንዳለው ራሱ ይናገር፣ ከአዳራሹ ይውጣ፣ የወጣበትና የተመለሰበት ሰዓት በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ግዥውም እንደ ማንኛውም በውድድር ይሂድ። ዝም ብሎ ከተቀመጠ ዋጋው የገበያው ዝቅተኛ ቢሆን እንኳ ግዥው ንጹሕ አይባልም።

ጥያቄ፦ ኮሌጃችን ለትምህርት ቤቶች ዴስክ እየሠራ ይሸጣል፤ ገቢ እንጂ ትርፍ አይታይም። የት ነው የሚያፈስሰው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ከዋጋ ትመናው ነው። የብረትና የእንጨት ዋጋ ብቻ ተደምሮ ይሸጣል፤ መብራት፣ ኤሌክትሮድ፣ ቀለምና ቲነር፣ የማሽን እርጅና፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይረሳል።

ሁለተኛው ቀዳዳ ቆረጣው ነው። ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የብረት ቱቦ) 6 ሜትር ነው የሚመጣው። የዴስኩ ቁራጭ 1.25 ሜትር ከሆነ ከአንድ ዘንግ 4 ይወጣና 1 ሜትር ይተርፋል። 1.20 ሜትር ከሆነ 5 የሚወጣ ይመስላል፣ ግን እያንዳንዱ ቆረጣ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይበላልና በአራት ቆረጣ 12 ሚሊ ሜትር ይጎድላል፤ አምስተኛው ያጥራል። 1.19 ሜትር ብሎ መንደፍ አምስቱንም ያድናል። ቦርዱ ይህን ራሱ አይሠራም፤ ነገር ግን ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ ጋር የቆረጣ ዕቅድና የትመና ወረቀት ይያያዝ ብሎ መወሰን ይችላል። ዕቃው ወደ ስቶር በሞዴል 19 (በዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ገብቶ በሞዴል 22 (በዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ይውጣ። የተረፈው ቁርጥራጭም ይመዘገብ፤ ለደረጃ 1 ልምምድ ያገለግላል።

ጥያቄ፦ በ2014 ጦርነት የተዘረፉ ማሽኖች እስካሁን በንብረት መዝገብ ላይ አሉ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ መዝገቡ ላይ እስካሉ ድረስ ኮሌጁ ማሽን ያለው ይመስላል፤ ምትክ ሲጠየቅም «አላችሁ» ይባላል። ኮሚቴ ይቋቋም፤ የፋይናንስ፣ የንብረትና የሙያ ክፍል ሰው ይኑርበት። እያንዳንዱ ዕቃ በመለያ ቁጥሩ፣ በሞዴሉና በተገዛበት ዓመት ይዘርዘር። ጨርሶ የጠፋው፣ ተሰብሮ የቀረውና ሊጠገን የሚችለው ይለይ። ሦስተኛውን አትዝለሉ፤ ሞተሩ ብቻ የተነቀለ ሌዝ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ሞተር ቢገዛለት ይሠራል። ያኔ የተያዘ የፖሊስ ማስረጃና ፎቶ ይያያዝ። ቦርዱ ተቀብሎ ለሚመለከተው አካል ያቅርብ፤ መሰረዙ የሚፈጸመው ፈቃዱ ሲመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስላለ የልብስ ስፌት ክፍል እንክፈት ብለናል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ፓርኩ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ ብዙ ተስፋ ነበረ፤ ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ፣ ታኅሣሥ 2014 ላይ ስንሰረዝ፣ ወደ አሜሪካ የሚላክ ልብስ የሚሰፉ ፋብሪካዎች ምን ያህል ስስ መሠረት ላይ እንደቆሙ ታየ። ክፍሉን ክፈቱ፣ ግን በአንድ ገዢ ላይ አትንጠልጠሉ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ የሆስፒታል አንሶላና የሥራ ቱታ እዚሁ ገበያ አላቸው። ሥልጠናው ከመስመር ስፌት አልፎ ልኬት፣ ፓተርንና ቆረጣን ይያዝ። ለ20 ሰልጣኝ 20 ሲንግል ማሽን ያስፈልጋል፤ ለሁለት አንድ ከሆነ የልምምድ ሰዓቱ በግማሽ ወረደ። ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ መስፊያ) ሦስት አራት ይበቃል። የማሽን ጠጋኝ ከሌላችሁ ግን አትጀምሩ። ደሴ ላይ ያለው ወይዘሮ ስሂን ፖሊ ቴክኒክ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ነውና ከመክፈታችሁ በፊት የሁለቱ ኮሌጆች ቦርዶች ተገናኝተው ማን ምን ያሰልጥን ይነጋገሩ።

ጥያቄ፦ ሰልጣኞች ለቦርዱ አቤቱታ ማቅረብ የምንችለው በምን መንገድ ነው? ዲኑ ራሱ የቦርዱ ፀሐፊ ነው፣ ደብዳቤው ተደፍኖ ይቀራል ብለን እንፈራለን።

መልስ፦ አብሽሩ፣ መንገድ አለ። ደብዳቤውን ለቦርዱ ሰብሳቢ ጻፉ። አንዱን ቅጂ በኮሌጁ መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቁጥርና ቀን በእናንተ ቅጂ ላይ አስመቱ። ሁለተኛውን ሰብሳቢው በሚሠራበት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት አስገቡ። በአንድ ደብዳቤ አንድ ጉዳይ ብቻ ይሁን፤ ቀን፣ ክፍል፣ የጎደለው ዕቃ ወይም የቀረው ሰዓት በቁጥር ይጻፍ። «አሰልጣኝ አይገባም» ከምትሉ «ከጥቅምት 5 እስከ 30 ድረስ ከ16 ክፍለ ጊዜ 9 ኙ አልተሰጠም» በሉ። የሰልጣኞች ተወካይ ይፈርምበት። ቀጣዩ መደበኛ ስብሰባ አልፎ መልስ ካልመጣ፣ የተመዘገበውን ቅጂ ይዛችሁ ወደ ከተማው የሥራና ሥልጠና መሥሪያ ቤት ሂዱ።