ስሙ የተቀየረ ፋየርፎክስ ሐሰተኛ ነውን?

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። አንድ የግል ትምህርት ቤት ዴቢያን 8 የተባለው የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና የተጫነባቸውን አሮጌ ኮምፒውተሮች እንዳድስለት አምጥቶልኛል። በውስጣቸው ያለው ብሮውዘር አይስዊዝል ይባላል። ርእሰ መምህሩ ከከተማችን ታይዋን ገበያ እንደሚገዛ አስመሳይ ዕቃ ቆጥረውት «ኦርጅናሉን ጫንልን» ይሉኛል። እውነት ሐሰተኛ ነው? ደግሞስ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ከሆነ፣ እኔ ራሴ ፋየርፎክስን አሻሽዬና የትምህርት ቤቱን አርማ ጨምሬበት በዚያው ስም ባከፋፍለው ያስጠይቀኛል?

መልስ፦ ሐሰተኛ አይደለም። አይስዊዝል የፋየርፎክስ ኮድ ነው፤ የተለየው ስሙና አርማው፣ እንዲሁም የዴቢያን ሰዎች ያደረጉበት ጥቂት ማስተካከያ ነው። ለርእሰ መምህሩ ይህንን ለማስረዳት ግን ነገሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅምዎታል።

የፋየርፎክስ ኮድ የተለቀቀበት የሞዚላ (የፋየርፎክስ ሠሪው ድርጅት) ፈቃድ ማንም ኮዱን እንዲወስድ፣ እንዲለውጥና እንዲያሰራጭ ይፈቅዳል። «ፋየርፎክስ» የሚለው ስምና የቀበሮዋ አርማ ግን የሞዚላ የንግድ ምልክቶች ናቸው፤ ፈቃዱም የንግድ ምልክት መብት እንደማይሰጥ በግልጽ ይናገራል። ኮዱን ወስዶ የሚገነባ ሰው «ኦፊሻል ብራንዲንግ» የተባለውን አማራጭ ካላበራ በቀር የሚወጣለት ብሮውዘር ያንን አርማ አይዝም።

ዴቢያን መጀመሪያ ላይ ስሙን ይዞ፣ አርማውን ትቶ ያሰራጭ ነበር። አርማውን የተወው የአርማው ፈቃድ እንደ ልብ መለወጥን ስለማይፈቅድና ይህም ከዴቢያን የነጻ ሶፍትዌር መመሪያ ጋር ስለሚጋጭ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2006 የሞዚላው ማይክ ኮነር ስምና አርማ ተነጣጥለው ሊሄዱ እንደማይችሉ፣ በፋየርፎክስ ስም የሚወጣ ማሻሻያም አስቀድሞ በሞዚላ መታየት እንዳለበት አሳወቀ። ለዴቢያን ከባዱ ይህ ሁለተኛው ነበር። ዴቢያን አንድን የተረጋጋ እትም ካወጣ በኋላ የፕሮግራሞቹን ቁጥር ሳይቀይር ለዓመታት ያቆያቸዋል፤ ሞዚላ ግን አሮጌውን እትም መደገፍ ቶሎ ያቆማል። ስለዚህ የደኅንነት ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር የዴቢያን ሰዎች ጥገናውን ከአዲሱ እትም ወስደው በአሮጌው ላይ ራሳቸው መሥራት ነበረባቸው። ያንን እያንዳንዱን ጥገና ለሌላ ድርጅት አቅርቦ ይሁንታ መጠበቅ ደግሞ የማይታሰብ ነው። በመጨረሻ ስሙን ለባለቤቱ ትተው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ዴቢያን 4 ላይ ብሮውዘሩን አይስዊዝል፣ የኢሜይል ፕሮግራሙን ተንደርበርድን ደግሞ አይስደቭ አሉት።

የሞዚላ ሥጋት መሠረት የለሽ አልነበረም፤ በታወቀ ስም ተንኮል አዘል ፕሮግራም አስገብቶ የሚያሰራጭ ሰው ሲገኝ የሚከለክለው የንግድ ምልክት ሕጉ ነው። ሆኖም ሥራውን በአደባባይ በሚሠራ እንደ ዴቢያን ባለ ማኅበር ላይ ያንኑ ጥብቅነት መጫኑ፣ በእኔ አስተያየት፣ የበዛ ነበር። ሞዚላም እ.ኤ.አ. በ2016 የዴቢያን ማሻሻያዎች የብሮውዘሩን ጥራት እንደማይነኩ ተቀብሎ ስሙ ተመልሷል። ዛሬ ዴቢያን ላይ የሚያገኙት ፋየርፎክስ ኢ.ኤስ.አር. (ለረዘመ ጊዜ ድጋፍ የሚያገኘው የፋየርፎክስ እትም) ነው።

ስለዚህ ርእሰ መምህሩ «ቀይርልን» ማለታቸው ትክክል ነው፤ ምክንያታቸው ግን ሌላ ሊሆን ይገባ ነበር። የዴቢያን 8 የተራዘመ የደኅንነት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2020 አብቅቷል። ያንን ብሮውዘር ተማሪዎች የይለፍ ቃል በሚጽፉበት ኮምፒውተር ላይ ማቆየት አደጋ ነው። ኮምፒውተሮቹ የሚችሉት ከሆነ ድጋፍ ያለውን የዴቢያን እትም ይጫኑላቸው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ ያልተነካውን ፋየርፎክስ ጭነው የትምህርት ቤቱን ድረ ገጽ የመጀመሪያ ገጽ አድርገው ቢያስተካክሉ የተለመደ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ክፍያም የሚጠይቁት ለጉልበትዎ ነው። ኮዱን ለውጠው፣ አርማ ተክተው በፋየርፎክስ ስም ማከፋፈል ግን የሞዚላን የጽሑፍ ፈቃድ ይፈልጋል። ያለዚያ ሌላ ስም ያውጡለት። በአገራችን የንግድ ምልክት የሚዳኘው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 (ዓ.ም.) ነው፤ ያወጡትን ስም ቢያስመዘግቡ ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ሊታደስም ይችላል።

ጥያቄ፦ ከሐረር ነው የምጽፈው። በሊኑክስ ላይ ክሮሚየም እጠቀማለሁ፤ በጉግል አካውንቴ ገብቼ ዕልባቶቼን (ቡክማርኮቼን) ከስልኬ ጋር ማመሳሰል አልቻልኩም። ክሮም ላይ የሚሠራው እዚህ ለምን እምቢ አለ?

መልስ፦ ክሮሚየም ኮዱ ክፍት የሆነው ፕሮጀክት ነው፤ ክሮም ደግሞ ጉግል በዚያ ላይ የራሱን ስምና አገልግሎቶች ጨምሮ የሚያወጣው ምርት ነው። ማመሳሰያው የሚሠራው በጉግል ሰርቨሮች በኩል ስለሆነ፣ ጉግል እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ሌሎች ለሚገነቧቸው የክሮሚየም እትሞች ዘግቶታል። ዕልባቶችዎን በዕልባት ማስተዳደሪያው ገጽ ወደ ፋይል አውጥተው በሌላ ኮምፒውተር ማስገባት ይችላሉ፤ ከስልክ ጋር የግድ መመሳሰል ካለባቸው ግን ክሮምን ወይም የራሱ ማመሳሰያ ያለውን ፋየርፎክስን በሁለቱም ላይ ይጫኑ።