የመብረቅ ፎቶ ማንሳት ያኖረኛል ወይ?

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ካሜራ፣ አንድ ሌንስና ትራይፖድ አለኝ። የመብረቅ ፎቶ ማንሳትን መተዳደሪያዬ ላደርገው እፈልጋለሁ፤ የማነሳው ግን ወይ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል ወይ ይደበዝዛል። የመብረቅ ትሪገር (ብልጭታ ሲያይ ካሜራውን በራሱ የሚያስነሳ መሣሪያ) ብገዛ ይሻለኛል? ትምህርቴን አቋርጬ ብገባበትስ?

መልስ፦ እህታችን፣ ትሪገሩን ለጊዜው ተዪው፤ ትምህርትሽንም አታቋርጪ። ለሁለቱም ምክንያት አለን።

ማታ ትሪገር አያስፈልግም። ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራውን መዝጊያ) ለ15 ወይም ለ20 ሴኮንድ ከፍተሽ ከጠበቅሽ፣ በዚያ መሃል የሚወርደው መብረቅ ራሱን ይቀርጻል። ካሜራው አንዱን ሲጨርስ ሌላውን እንዲቀጥል ሪሞቱን (ካሜራውን ሳትነኪ ሹተሩን የምትጫኚበትን ቁልፍ) ተጭነሽ ቆልፊው።

ፎቶሽ የሚቃጠለው በሹተሩ ምክንያት አይደለም። አንድ መብረቅ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሴኮንድ በታች ነው የሚቆየው፤ በዚያችው ቅጽበት በአንዱ መስመር ሦስት አራት ጊዜ ሊመላለስ ይችላል። ስለዚህ ሹተሩ 5 ሴኮንድም ቆየ 30፣ የመብረቁ ድምቀት ያው ነው፤ የሚለወጠው የደመናውና የመንደሩ መብራት ብርሃን ነው። የመብረቁን ድምቀት የሚወስኑት አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) እና አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) ናቸው። በአይኤስኦ 100 እና በኤፍ 8 ጀምሪ (ኤፍ የአፐርቸሩ ቁጥር ነው፤ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)። ርቆ ብርሃኑ ከደከመ ወደ ኤፍ 5.6 ክፈቺ፤ መስመሩ ነጭ ሆኖ ከወፈረ ወደ ኤፍ 11 ዝጊ። ኤፍ 16 ካስፈለገሽ ግን መብረቁ በጣም ቀርቧል ማለት ነው፤ ያኔ ቁጥር መቀየሩን ትተሽ መጠለያ ግቢ።

የመደብዘዙ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከፎከስ ነው። አውቶፎከስ በጨለማ የሚይዘው ነገር ስለማያገኝ ወዲያ ወዲህ ይላል። ወደ ማኑዋል ቀይሪና በስክሪኑ ላይ አንድ ሩቅ መብራት አጉልተሽ፣ ነጥቧ እጅግ እስክታንስ ድረስ ቀለበቱን አዙሪ፤ ከዚያ በፕላስተር ለጥፊው። ብዙ ሌንሶች ከመጨረሻው ርቀት አልፈው ስለሚዞሩ እስኪቆም አዙሮ መተው አያዋጣም። በትራይፖድ ላይ ስትሆኚ የሌንሱን ማረጋጊያ አጥፊ። የትራይፖዱን መሃል ዘንግ አታውጪ፤ ነፋስ መጀመሪያ የሚያንቀጠቅጠው እሱን ነው። ለረጅም ሹተር የተሠራውን የኖይዝ (በፎቶው ላይ የሚታዩ ነጠብጣቦች) መቀነሻም አጥፊ፤ ከእያንዳንዱ የ20 ሴኮንድ ፎቶ በኋላ ሌላ 20 ሴኮንድ በጨለማ ስለሚሠራ የሌሊቱን ግማሽ ያስመልጥሻል። ብዙ ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ መብረቁ ሁሌ በመሃል የሚያመልጠው በዚህች ቅንብር ነው።

ትሪገር የሚጠቅመው ቀን ላይ ነው፤ በብርሃን ሹተሩን ለረጅም ጊዜ መክፈት ስለማይቻል። ብልጭታውን ሲያይ ሹተሩን ይተኩሳል፤ ካሜራው እስኪነቃ ግን የመጀመሪያው ምት ስለሚያልፍ የሚይዘው ተከታዮቹን ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚመታ መብረቅ ያመልጠዋል።

ከዕቃው ሁሉ በላይ ግን ሥራውን የሚወስነው የት መቆምሽ ነው። ያለፈውን ግማሽ ሰዓት የራዳር ምስል አይተሽ ደመናው ወዴት እንደሚጓዝ ለዪ፤ ከመንገዱ ገለል ብለሽ በጎኑ ወይም ካለፈ በኋላ ከጀርባው አንሺ። ዶፉ በመሃል ከገባ መብረቁን ይሸፍነዋል። ማዕበሉ እየራቀ ሲሄድ ከተዘረጋው የደመና ጣሪያ ሥር እየተሳበ የሚሄድ ሰፊ መብረቅ ይመጣል፤ ለሰፊ ሌንስ ከዚህ የተሻለ የለም።

ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ 30 ሴኮንድ ከቆጠርሽ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መብረቅ ደግሞ ዝናቡ ካለበት ከዚያም ርቆ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ነጎድጓድ ከሰማሽ ደርሶብሻል። ካሜራው በራሱ እያነሳ ውጭ ይቆይ፤ አንቺ ሕንፃ ውስጥ ወይም የብረት ጣሪያ ባለው፣ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ሁኚ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ካለፈ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጪ። ዛፍ ሥር መጠለልማ ፈጽሞ አይታሰብም፤ ዛፉን የመታው ኃይል በመሬት በኩል እግርሽን ያገኘዋል። መሐንዲሱ ቲም ሳማራስ መብረቅ መሬት የሚነካበትን ቅጽበት ለመቅረጽ ግዙፍ ፈጣን ካሜራ ያዘጋጀ፣ በጥንቃቄውም የታወቀ ሰው ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦክላሆማ፣ ኤል ሪኖ አካባቢ ከልጁ ከፖልና ከባልደረባው ከካርል ያንግ ጋር የሞተው አቅጣጫውንና ፍጥነቱን በድንገት በለወጠ አውሎ ነፋስ (ቶርኔዶ) ነው። መውጫ መንገድሽን ካሜራ ከመትከልሽ በፊት ምረጪ።

አሁን ወደ ገቢው። ፎቶ በመሸጥ ብቻ የሚኖሩት ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ የቪዲዮ ሥራ፣ ሥልጠናና የኅትመት ፈቃድ ሽያጭ ያዳብላሉ። አንቺ ግን ፊዚክስ ይዘሻል፤ በሕንፃና በኃይል መስመር የመብረቅ መከላከያ ሥራ፣ በሜትሮሎጂ፣ መብረቅ የወረደበትን ሰዓትና ቦታ በሚመዘግቡ የመሣሪያ መረቦች፣ በከባቢ አየር ኤሌክትሪክ ምርምር በር ይከፍትልሻል። እዚያ የሚፈለገው ውበት ብቻ አይደለም፤ ልኬት ያለው ምስል ነው።

ስለዚህ የመመረቂያ ሥራሽን ከዚሁ አውጪው። በሴኮንድ 240 ፍሬም የሚቀርጽ ስልክ በየ4 ሚሊሴኮንዱ አንድ ፍሬም ይሰጥሻል፤ በመብረቅ ተከታታይ ምቶች መካከል ያለው ጊዜ ደግሞ በአማካይ ከ40 እስከ 60 ሚሊሴኮንድ ስለሆነ ምቶቹን ለይተሽ መቁጠር ትችያለሽ። የካሜራሽን ሰዓት ከስልክሽ ጋር በሴኮንድ አስተካክዪ፤ ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የዞርሽበትን አቅጣጫና የሌንሱን የትኩረት ርዝመት (በሚሊ ሜትር የሚሰጠውን ቁጥር) መዝግቢ። ይህ ካለ ፎቶሽን ከመረቦቹ መዝገብ ጋር ማመሳከር ይቻላል።

ለሥራ ማሳያሽ 12 ፎቶ ይበቃል። የብዙ ደቂቃ መብረቆችን በአንድ ምስል ከደራረብሽ ከሥሩ ጻፊው፤ ለዜና እንዲህ ያለውን አትላኪ፣ ራው ፋይሉንም (ካሜራው ያስቀመጠውን ያልተነካካ ዋና ቅጂ) አታጥፊ፤ አዘጋጆች ሊጠይቁሽ ይችላሉ።