ፔጅ ፋይሉን ከኤስኤስዲው ላይ እንዳታነሳው

ወንድሜ፣ «ራሜ 8 ጊጋ ነው፣ አዲስ ኤስኤስዲ ገጥሜያለሁ፤ ቨርቹዋል ሜሞሪውን እዚያ ላድርገው ወይስ ዕድሜውን ይበላብኛል?» ላልከው፣ እዚያው አድርገው። ፔጅ ፋይል ማለት ራም ሲሞላ ዊንዶውስ ትርፉን የሚያስቀምጥበት ዲስክ ላይ ያለ ፋይል ነው፤ ቨርቹዋል ሜሞሪ ያልከውን የምታስተካክለው በእሱ ነው። መቼም ያንተም ማሽን እንደኔው መሆን አለበት፦ ዊንዶውስ፣ አንድ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ)፣ አጠገቡ ደግሞ ያ ሼባ ሃርድ ዲስክ።

1ኛ. «ኤስኤስዲው እንዳያልቅ» ብሎ ፔጅ ፋይሉን ወደ ሃርድ ዲስክ የሚያዞር ጠጋኝ ካጋጠመህ ማሽንህን ይዘህ ውጣ። የኔ ጠጋኝ እንደዚያ አድርጎ ነው ያስረከበኝ፤ ለዚያውም ሳይነግረኝ። ፍጥነት ስጠብቅ ክሮምና የቪዲዮ ኤዲቲንጉ አብረው ሲከፈቱ ማውሱ ሳይቀር ቀጥ ይላል። ሄጄ ስጠይቀው ከስልኩ ቀና እንኳን ሳይል «ራም ጨምር» አለኝ። ገንዘቡን ሲቀበል ግን ቀና ብሎ ነበር!

ነገሩን ያወቅኩት ራሴ ቁጭ ብዬ ስቆፍር ነው። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ ብዙ ያልተነካውን ወደ ዲስክ ያወጣል፤ ሲፈለግ ደግሞ በአብዛኛው በ4 ኪሎባይት ቁርጥራጭ መልሶ ያነባል። ሃርድ ዲስክ አንዷን ቁራጭ ፈልጎ ለማግኘት 10 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ይፈጅበታል። ኤስኤስዲ በ0.1 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይጨርሳል። መቶ እጥፍ ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ በ2009 ስለ ዊንዶውስ 7 ሲጽፍ፣ ከፔጅ ፋይል ማንበብ ከመጻፍ በ40 እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ ገልጿል። ኤስኤስዲን የሚያደክመው ደግሞ መጻፍ እንጂ ማንበብ አይደለም። ሒሳቡን እንኳ ብታሰላው፣ 300 ቴራባይት ይጻፍበታል ተብሎ ዋስትና የተሰጠውን ዲስክ በ10 ዓመት ለመጨረስ በየቀኑ 80 ጊጋ መጻፍ አለብህ። ማን ይጽፋል?

2ኛ. ጭራሽ ማጥፋት የሚሉህንም አትስማ። ያው ሰውዬ ስመላለስበት ሲሰለቸው «በቃ አጠፋሁልህ» ብሎ ሸኘኝ። ከዚያ ቪዲዮ ኤክስፖርት እያደረግኩ፣ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው «ሜሞሪ አልቋል» ብሎ ዘጋው። የሌሊት ሥራ ገደል ገባ። የሚገርመው ታስክ ማናጀር ላይ ገና ነፃ ራም ይታያል!

ምክንያቱ ይሄ ነው። ፕሮግራሞች ከሚነኩት በላይ ሜሞሪ ያስይዛሉ፤ ዊንዶውስም ለያዙት ሁሉ ቃል ይገባል። የቃሉ ጣሪያ ራም ሲደመር ፔጅ ፋይል ነው። ፋይሉን ስታጠፋው ጣሪያው 8 ጊጋ ላይ ይቀራል፤ ያንን ሲነካ የሚቀጥለው ጠያቂ ባዶ እጁን ይመለሳል። ታስክ ማናጀር፣ ፐርፎርማንስ፣ ሜሞሪ ውስጥ «ኮሚትድ» የሚለውን እይ። በቀኝ ያለው ቁጥር ጣሪያው ነው፤ የግራው ከተጠጋው አደጋ ላይ ነህ። በዚያ ላይ ሲ ድራይቭ ላይ ፔጅ ፋይል ከሌለ ሰማያዊው ስክሪን ሲመጣ የብልሽቱ መረጃ አይቀመጥም። እኔም ደርሶብኝ የምመረምረው ነገር አጣሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ከፐርፎርማንስ ሥር ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ፣ ከዚያ ቨርቹዋል ሜሞሪ ሥር «ቼንጅ»። ከላይ «አውቶማቲካሊ ማኔጅ...» የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አንሳና ለኤስኤስዲው «ሲስተም ማኔጅድ ሳይዝ»፣ ለሼባው «ኖ ፔጂንግ ፋይል» ምረጥ። ለእያንዳንዳቸው «ሴት» የሚለውን ሳትጫን «ኦኬ» ብትል የመረጥከው አይያዝልህም፤ ስንቱ ሰው እዚህ ጋ ይሸወዳል መሰለህ። ከዚያ ሪስታርት። መጠኑን በእጅህ መወሰን ካማረህ መነሻውን 8192፣ ጣሪያውን 16384 ሜጋባይት አድርገው። ኤስኤስዲውንም ጢም አድርገህ አትሙላው፤ ባዶ ቦታ ሲያጣ ሲጽፍ ይንቀራፈፋል።

አሁን ያለህን የ«ኮሚትድ» ቁጥርና የኤስኤስዲህን ባዶ ቦታ እዚህ ጻፍልኝ፤ መጠኑን አብረን እናየዋለን።